የሰፈር ግድግዳ ላይ ከመሳላችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ። የሥዕል ዐውደ ርዕይ ሲባል ማንንም ትዝ የማይሉ የአዲስ አበባ ዳርቻ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ናቸው። ስለዚህ የሰፈር ልጆች ብሩሽ ይዘው ሲወጡ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ክረምት ተላጥቶ ሲወድቅ ነው።

ትልቁ ስህተት የሚሳለውን ቀድሞ ጨርሶ መምጣት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት የሚገኘው በዕጣ ነው። አንዷ ልደታ ቤቷ ፈርሶ የመጣች ናት፣ ከላይዋ ያለው የአራት ኪሎ ልጅ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ሲያርሱ የነበሩ ገበሬ ይኖራሉ። ሳትጠይቋቸው ጀበናና አንበሳ ስላችሁ ብትሄዱ ግድግዳው የማንም አይሆንም። ኮሙናሉ፣ ማለትም የጋራ መገልገያ ቤቱ ጋ እንጀራ የሚጋግሩትን እናቶች ጠይቁ። «እማማ፣ ሕንፃው ሳይሠራ እዚህ ምን ነበር?» በሏቸው። ምንጩ የት እንደነበር፣ ሽማግሌዎች የትኛው ዛፍ ሥር ይቀመጡ እንደነበር ይነግሯችኋል። እሱን ሳሉ።

ፈቃድን በአንድ ሰው ቃል መጨረስም ያስቸግራል። የብሎኩ ኮሚቴ እሺ ቢል እንኳ ወረዳውን ጠይቁ፣ በተለይ ግድግዳው ወደ ዋና መንገድ የሚያይ ከሆነ። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች ዳር የሕንፃ ቀለም እንደፈለጉ የሚመረጥ አይደለም።

አሁን ወደ ግድግዳው። ብዙ ሥዕል የሚሞተው እዚህ ነው። በደቡብና በምሥራቅ ዳርቻ ብዙ ቦታ መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞ ይሰነጠቃል። እርጥበት ከሥር ሲወጣ ልስኑ ላይ ነጭ ጨው መሰል ነገር ይታያል። እሱን ሳያራግፉና ግድግዳው ሳይደርቅ መቀባት ቀለም መድፋት ነው። አዲስ ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ። ሲሚንቶ ላይ የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፣ እርጥበቱን አፍኖ ይቋጥራል፤ በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም ይሻላል። ቆርቆሮ አጥር ከሆነ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ፣ ከዚያ ነው ሥዕሉ። ከታች ደግሞ ጭቃ የሚረጭበትን ጉልበት ድረስ ጥቁር ዞኮሎ (የግርጌ ቅብ) አድርጋችሁ ተዉት፣ ፊት እዚያ አትሳሉ!

ሰኔ ላይ መጀመር አያዋጣም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ይገኛሉ ብለው ብዙዎች ይጀምራሉ፣ ዝናቡም ይጀምራል። በክረምቱ አብራችሁ ንድፍ ሥሩ፣ ጥቅምት ላይ ቀቡ።

ልጆቹን ለፎቶ ብቻ አትጥሩ። ብሩሽ አስይዞ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ማታ ላይ የእነሱን መስመር በባለሙያ እጅ መሸፈን እኔ ይቅር የማልለው ነገር ነው። ልጅቷ በነጋታው መጥታ የሳለችውን ወፍ ስታጣው ግድግዳውን አትጠብቅላችሁም።

ሙያ ከውጭ ብቻ መፈለግም ልክ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ብትጋብዙ ጥሩ ነው፣ ግን ሰፈር ውስጥ ቀለም ቀቢ አለ፣ የጭቃ ቤት የሚሠሩ አባት አሉ። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቆሙትና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው። የቀለም ዋጋ ከከበዳችሁ ጭቃውን አትናቁት። ለሚሠራላችሁ ሰው ግን ክፈሉ። «ለሰፈርህ ነው» ብሎ የዕለት ጉርሱን ማስቀረት ነውር ነው።

የረዳ ድርጅት ካለ ስሙ ጥግ ላይ በትንሹ ይጻፍ፤ ከሥዕሉ የሚበልጥ አርማ ግድግዳውን ማስታወቂያ ያደርገዋል።

የተረፈውን ቀለም ወደ ቤት አትውሰዱት። በደንብ ከድናችሁ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተቀላቀለ ክዳኑ ላይ ጻፉና ጥበቃው ጋ ወይም ሱቁ ጋ አስቀምጡ። ከክረምት በኋላ የተላጠ ካለ የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው ያድሱታል።