ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት፦ በስማርት የጤና መሣሪያዎች አጠቃቀም የሚዘወተሩ ስህተቶች

ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ፣ ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር ሴንሰር፣ የልብ ምት የሚከታተል የእጅ ሰዓት። ድሮ በሆስፒታል ብቻ ይታወቁ የነበሩ ልኬቶች ዛሬ ስልካችን ላይ ይነበባሉ። ታማሚ ስለ ራሱ አካል እንዲያውቅ የሚረዳ ነገር ሁሉ ያስደስተኛል። የሚያሳስበኝ ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ ሳይጠየቅ መታመኑ ነው።

በብዛት የማየው ስህተት የደም ግፊትን በጥድፊያ መለካት ነው። ሰውየው ደረጃ ወጥቶ ገብቷል፤ ትንፋሹ ገና አልተሰበሰበም። ማሰሪያው በሹራቡ ላይ ይጠመጠማል፣ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ያዋራዋል። መሣሪያው ያገኘውን ቁጥር ወደ ስልኩ፣ ስልኩም ወደ ሐኪሙ ይልካል። ሐኪሙ ሹራቡን አያይም። ቢያንስ 5 ደቂቃ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን መሬት አስረግጠው በዝምታ ይቀመጡ፤ ባዶ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ያሳርፉ፤ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። የማሰሪያው መጠንም ቀላል ነገር አይደለም። በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በጣም ሰፊ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይነበባል። ይህ ልዩነት ጤነኛን ሰው መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል።

የኦክስጅን መለኪያ ለሁሉም እኩል ያነባል ብሎ ማሰብ ሌላው ስህተት ነው። መሣሪያው በጣት ውስጥ ብርሃን እያሳለፈ ይሠራል፤ የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለም፣ የቆዳ ጥቁረትም ንባቡን ያዛቡታል። በ2020 ይፋ በሆነ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ የደማቸው ኦክስጅን በእውነቱ ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው፣ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ ነበር። ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መሣሪያው 95 ስላለ ብቻ ቤት መቆየት የለበትም።

የስኳር ሴንሰርን በተመለከተ፣ የሚለካው በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ በጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ሌሊት ማንቂያው ጮኾ 58 የሚል ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳይ፣ ምናልባት ሰውየው ሴንሰሩ ባለበት ክንድ ላይ ተኝቶ ይሆናል፤ ሲጫኑት ንባቡ ይወርዳልና። ስሜትዎና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣትዎን ወግተው ያረጋግጡ። ላብና መንቀጥቀጥ ካለ፣ መለኪያም በእጅዎ ከሌለ ግን ሳይጠብቁ ስኳር ይውሰዱ። ቆዳ ሳይበሳ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓት ወይም ቀለበትን አይመኑ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2024 ይህን አስመልክቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

የልብ ምትን የሚስለው ሰዓት ደግሞ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን (ሃርት አታክን) አይለይም። ደረትዎን ካመመዎት ሰዓቱን ሳያማክሩ አስቸኳይ እርዳታ ይጥሩ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ስህተት ግን ከመሣሪያው ውጭ ያለ ነው፦ መረጃው ከተላከ ተነቧል ብሎ ማመን። ታማሚው «ይከታተሉኛል» ብሎ ይተኛል፤ ክሊኒኩ ደግሞ ንባቡን የሚያየው ምናልባት በማግስቱ፣ በሥራ ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሌሊት ማንም አይጠብቀውም። መሣሪያውን ሲረከቡ ማን እንደሚያነበው፣ በየትኛው ሰዓት፣ የትኛው ቁጥር ሲመጣ ማን ለማን እንደሚደውል ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ለሕክምና ተቋማትም የምለው አለኝ፦ ማንቂያውን በጥቃቅኑ ሁሉ እንዲጮኽ አታድርጉት። ቀኑን ሙሉ በከንቱ ሲጮኽ የሰማ ነርስ እውነተኛው ሲመጣ ጆሮው ደንዝዞ ይጠብቀዋል፤ ጥፋቱም የዚያ ነርስ አይደለም።

ደኅንነትን ቸል ማለትም አለ። በ2017 በአሜሪካ ወደ 465,000 የሚጠጉ በሰውነት ውስጥ የሚቀበሩ የልብ ምት ማስተካከያዎች በሶፍትዌራቸው በተገኘ ክፍተት ምክንያት መዘመን አስፈልጓቸው ነበር። ዝመናው ሲመጣ አያሳድሩት፤ ከፋብሪካ የመጣውንም የይለፍ ቃል ይቀይሩ። መሣሪያውን ለሌላ ሰው ከሰጡ አስቀድመው መለያዎን ያጥፉ፤ አለዚያ የእርሱ ግፊትና የእርሱ ስኳር በእርስዎ መዝገብ ላይ እየተጻፈ ይቀጥላል።