የኮምፒውተር ሳጥን ሲንቀጠቀጥና ሲንዘረዘር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ሰው «ሲፒዩ» እያለ የሚጠራው ሳጥን ሲጮኽ ሁለት ጥፋተኞች አሉት፤ አንዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሌላው ይጮኻል። የሚያንቀጠቅጡት የሚሽከረከሩት ክፍሎች ናቸው፦ ፋኖች፣ ሃርድ ዲስክ፣ አንዳንዴ የሲዲ ማጫወቻው። የሚጮኸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮው ነው። በገና እንደዚያ የሚነዝረው ጅማቱ እንዚራውን፣ ያችን ቁራጭ ቆዳ፣ ለጥቂት ስለሚነካት ነው፤ ጭራሽ ባይነካት ያ ነዘርዘር አይሰማም። የሳጥኑ ክዳንም እንዲሁ ነው። ከብረቱ ጋር ለጥቂት የሚነካካ ጠርዝ ይንዘረዘራል፤ በደንብ የተያዘ ወይም ፈጽሞ የማይነካ ዝም ይላል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት አንቀጥቃጩንና ጯኺውን ከማምታታት ነው።

ድምፁን ሳይለዩ ካቻቢቴ ማንሳት

ማሽኑ እየሠራ መዳፍዎን በጎን ክዳኑ መሃል ያሳርፉ። አይግፉት፤ የሕፃን ትኩሳት እንደሚዳሰሰው ብቻ። ድምፁ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ጯኺው ክዳኑ ነው። እጅዎን ያንሱና ይመልሱ፣ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ ወደ ጠርዞቹ፣ ወደ ላይኛው ቆርቆሮ፣ ወደ ፊቱ ፕላስቲክ ይሂዱ። የፊቱ ፕላስቲክ በጥርስ ብቻ ስለሚያያዝ አንዱ ጥርስ ሲሰበር ያንኳኳል። ከኋላ ደግሞ የካርድ ቦታ የሚሸፍኑ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ብሎኑ የጎደለ አንድ ሽፋን ብቻውን ሳጥኑን በሙሉ ሊያስወቅስ ይችላል።

በመዳፍ የማይጠፋውን በጆሮ ይለዩት። ቀጭ ቀጭ እያለ ከፋኑ ጋር የሚፈጥን ከሆነ ገመድ ክንፉን እየነካ ነው፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሰብስበው ያስሩት። ወፍራም «እምምም» ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ይጠርጥሩ። ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ፍጥነታቸው ለጥቂት የሚለያይ ሁለት ነገሮች ተገናኝተዋል፤ ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ናቸው፣ አንዱን ወደ ሌላ ማቀፊያ ማዛወር ይበቃል።

አጠገቡ ስታቢላይዘር ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ስታቢላይዘሩን ብቻ ይተዉት። እምምታው ከቀጠለ የትራንስፎርመሩ ነው፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የትራንስፎርመር ብረት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይነዝራል። ይህን ሳያዩ ኮምፒውተሩን ፈትቶ መግጠም የተለመደ የጉልበት ብክነት ነው።

ፋን ሲጠረጥሩ የሚሽከረከረውን ክንፍ በጣትዎ አያቁሙ፤ ጣት ይጎዳል፣ ክንፍም ይሰበራል። ማሽኑን ያጥፉ፣ የአንዱን የሳጥን ፋን ሶኬት ይንቀሉ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ አስነስተው ያዳምጡ። የፕሮሰሰሩን ፋን ግን ነቅለው አያስነሱ።

ብሎን እስኪያለቅስ ማጥበቅ

ክዳኑ የሚሠራበት ቆርቆሮ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል፣ ወይም ቆርቆሮው ይጎብጥና ሌላኛው ጠርዝ ይነሳል፤ የተነሳው ጠርዝ ደግሞ እንዚራ ሆነ ማለት ነው። ብሎኖቹን በሙሉ በጣት ያስገቡ፣ ከዚያ በሰያፍ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች፣ በየተራ ያጥብቁ። እጅዎ ሲከብደው ያቁሙ።

ሁለት ዓይነት ብሎን ማደባለቅ ከዚህም ይብሳል። ለባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክና ለክዳን የሚያገለግለው ጥርሱ ሰፋ ያለው 6-32 የሚባለው ነው፤ ለሲዲ ማጫወቻና ለባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ጥርሱ ጠበብ ያለው ኤም 3። በጥገና ሱቅ ቆርቆሮ ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚጠራቀሙ ተለዋውጠው ይገባሉ። ኤም 3 በ6-32 ቀዳዳ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ግን አይዝም፤ በሳምንቱ ይላላል። የተገላቢጦሹ የዲስኩን ቀዳዳ ያበላሻል። መለያው ቀላል ነው፦ ትክክለኛው ብሎን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ያለ ካቻቢቴ፣ በጣት ብቻ ይዞራል። ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ረጅም ብሎን አያስገቡ፤ ወደ ውስጥ አልፎ የዲስኩን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊነካ ይችላል።

ያገለገለ ማሽን ሲገዙ ሃርድ ዲስኩ በስንት ብሎን እንደታሰረ ይቁጠሩ። በአንድ ወይም በሁለት የተንጠለጠለ ማየት እንግዳ አይደለም።

ሳጥኑን በስፖንጅ መጠቅጠቅ

ስፖንጅ የንዝረት መድኃኒት አይደለም። ቀጭን የአየር ፉጨትን ትንሽ ይውጣል እንጂ ቆርቆሮን ለማረጋጋት ክብደት የለውም። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው፣ በተለይ እዚህ ከተማ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በአንድ ፍጥነት የሚዞር ፋን እዚህ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ማሽኑ ፋኑን ፈጠን አድርጎ ያካክሰዋል። የአየር ቀዳዳው በስፖንጅ ሲዘጋ ፋኑ ይብስ ይፈጥናል። ጸጥታ ሊገዙ ወጥተው ጩኸት ይዘው ይገባሉ። በዚያ ላይ የፍራሽ ስፖንጅ በሙቀት እየተፈረፈረ አቧራ ይሆናል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል።

ለቆርቆሮ የሚሆነው ለመኪና በር የሚሸጠው፣ ከባድና የሚያጣብቀው ጥቁር ልጥፍ ነው። ክዳኑን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፣ የቆርቆሮውን ሩብ ያህል የሚሸፍን ቁራጭ መሃሉ ላይ ይለጥፉ፣ በማንኪያ ጀርባ እየዳመጡ አየሩን ያስወጡ። ሙሉውን መሸፈን ትርፉ ወጪ ነው። ጀርባው አልሙኒየም ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጠርዙ ተላጦ ማዘርቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ እንዳይወድቅ በደንብ ይዳምጡት። ለጣሪያ ፍሳሽ የሚሸጠውን የሬንጅ ልጥፍ ግን ይተዉት፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይሸታል።

ጠርዝ ለሚንዘረዘር ክዳን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ወይም የጨርቅ ቴፕ ክዳኑ ብረቱን በሚነካበት መስመር ላይ ይበቃል። ብሎኖቹ ያሉበት ቦታ ባዶ ብረት ሆኖ ይቅር፤ ክዳኑ ከአካሉ ጋር በኤሌክትሪክ መገናኘት አለበት።

ሃርድ ዲስኩን በላስቲክ ማንጠልጠል

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 120 ጊዜ ሳጥኑን ይነቀንቃል። ይህን ከቆርቆሮው መለየት ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ስህተቱ አሠራሩ ላይ ነው። የሱሪ ላስቲክ በጥቂት ወራት ይረግባል፣ ዲስኩ ያዘነብላል፣ አንድ ቀን ይወድቃል። ሃርድ ዲስክ በሆዱ ተኝቶ ወይም በጎኑ ቀጥ ብሎ እንዲሠራ ማድረግ ነው ደንቡ። አስተማማኙ መንገድ አራት የጎማ ጎሚኒ በብሎኖቹ መካከል ማስገባት ነው። ጎሚኒውን እስኪጨፈለቅ ካጠበቁት ግን እንደ ብረት ጠንክሮ ንዝረቱን ያሳልፋል።

በብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች ውስጥ ዲስኩ በሰማያዊ ፕላስቲክ ማቀፊያ ይያዛል። ማቀፊያው ሲያረጅ ይላላና ይንቀጫቀጫል። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቆርጠው በማቀፊያውና በዲስኩ ጎኖች መካከል ይክተቱ፤ የዲስኩን የታች ሰሌዳና የላዩን የአየር ቀዳዳ አይሸፍኑ።

ይህን ሁሉ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ዲስኩም ሽክርክሪቱን እስኪያቆም ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቀው ያድርጉ። ከዲስኩ ውስጥ ጠቅ… ጠቅ… የሚል ድምፅ ከመጣ ግን ነገሩ ንዝረት መሆኑ ቀርቷል፤ ከሁሉ በፊት ፋይልዎን ይገልብጡ። በኤስኤስዲ መቀየር ከተቻለ የዚህ ክፍል ጣጣ በሙሉ ይቀራል፤ ውስጡ የሚዞር ነገር የለውም።

ፋኑን በተገኘው ዘይት ማጠጣት

ጠዋት ሲነሳ እየተንገጫገጨ የሚጮኽና ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚረጋጋ ፋን ዘይቱ ደርቋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ይህ ይብሳል። ብዙዎች የሚቸኩሉት ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ለመንፋት ነው፤ ስፕሬዩ የቀረውን ዘይት አጥቦ ራሱ ይተናል፣ ፋኑም ከሳምንታት በኋላ ከበፊቱ ብሶበት ይጮኻል። የምግብ ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የሚሆነው የስፌት መኪና ዘይት ነው።

ፋኑን ይፍቱና መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት በጥፍር ከአንድ ጎን ብቻ ያንሱት፤ ጨርሰው አይላጡት። ከሥሩ ትንሽ የጎማ ክዳን ወይም ክፍት ጉድጓድ ያገኛሉ። በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ያስገቡ፣ ክንፉን በእጅ ሃያ ጊዜ ያህል ያሽከርክሩ፣ ሁለተኛ ጠብታ ይጨምሩ፣ ይብቃ። የተረፈውን በጥጥ ይጥረጉ፤ ዘይት የነካው ወረቀት ስለማይጣበቅ ጠርዙን በአልኮል ያጽዱና በናስትሮ ይሸፍኑት። ክንፉን ወደ ጎን ሲነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ዘይት አይመልሰውም፣ ይለውጡት። ሲለውጡ ስፋቱን (80፣ 92 ወይም 120 ሚሊ ሜትር)፣ ውፍረቱንና የሶኬቱን ሽቦ ብዛት አሮጌውን ይዘው ሄደው ያነጻጽሩ፤ አንዳንድ የዴል ፋኖች ሶኬታቸው ከሌላው አይገጥምም።

ደህና የሆነ ፋንም በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ ሳጥኑን ሊያስጮኸው ይችላል። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሊከፈት የሚችለው የማስተካከያ ገጽ) የፋን ፍጥነት ማስተካከያ ካለው በደቂቃ 100 ወይም 200 ዙር ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ይበቃል።

አቧራውን በግማሽ መንፋት

በበጋው ወራት መንገድ ሲቆፈር በሚውልበት በመሃል ከተማ ፋን ላይ አቧራ ቶሎ ይጋገራል። ከሰባት ክንፎች አራቱ ብቻ ቢጸዱ ፋኑ ሚዛኑን ስቶ ካልተነካው ይብስ ይንቀጠቀጣል። በብሩሽና በመጠኑ በራሰ ጨርቅ ሁሉንም ክንፎች፣ በተለይ የፊት ጠርዛቸውን፣ ይጥረጉ። ሲነፉ ክንፉን በእንጨት ያዝ ያድርጉት፤ በነፋስ ከልኩ በላይ ሲዞር ይበላሻል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር አየሩ ውኃ ስላለበትና ግፊቱ ስለሚበዛ ለዚህ አይሆንም።

ሳጥኑን የትም ማቆም

የሳጥኑ እግር ጎማዎች ከወደቁ ቆርቆሮው ከወለሉ ጋር ይነጋገራል። በፒያሳ አካባቢ ከቀሩት አሮጌ ቤቶች አንዱ ውስጥ በጣውላ ወለል ላይ የቆመ ሳጥን ወለሉን ከበሮ ያደርገዋል፤ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛም እንዲሁ። ያረጀ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ተረከዙ ላይ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር አድርገው አራት ቁራጭ ይቁረጡና በማዕዘኖቹ ሥር ይለጥፉ፤ ለዚህ ሥራ ከብዙ የተገዛ ነገር ይሻላል። ቁመታቸው እኩል ይሁን። ግድግዳ አያስነኩት። ስታቢላይዘሩን ከሳጥኑ ላይ ያውርዱ።

ፓወር ሰፕላዩን መክፈት

ከኋላ ያሉትን አራት ብሎኖች ማጥበቅና በዙሪያው 1 ሚሊ ሜትር ጎማ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ወዲያ አይሂዱ። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ከ300 ቮልት በላይ ሆኖ ካፓሲተር ላይ ይጠራቀማል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። የውስጡ ፋን ከጮኸ ሙሉውን መለወጥ ነው። ጌም ሲከፈት ወይም ከባድ ሥራ ሲጀመር ብቻ የሚሰማ ቀጭን «ጢይይ» ደግሞ የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ ድምፅ ነው፤ የሚጠብቅ ብሎንም፣ የሚለጠፍ ጎማም የለውም።