ወጀብ በሚደጋገምበት የቱሪስት ከተማ ለድርጅትዎ መድን ሲመርጡ

በባሕር ዳርቻ ባለ የቱሪስት ከተማ ሆቴል፣ ሬስቶራንት ወይም የጀልባ ሽርሽር የሚያንቀሳቅስ ሰው መድን ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያስበው ጣሪያውን ነው። ጣሪያ በጥቂት ወራት ይጠገናል፤ ያመለጠ የቱሪስት ወቅት ግን ዓመቱ ዞሮ እስኪመጣ አይገኝም። ሕንፃቸው ተጠግኖ እያለ ደመወዝና የባንክ ዕዳ መክፈል አቅቷቸው የሚዘጉ ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ ዓረቦኑ ስንት ነው ብለው ከመጠየቅዎ በፊት፣ ድርጅቴ ተዘግቶ ስንት ወር መቆየት እችላለሁ የሚለውን ያስሉ። የቀረው ምርጫ ሁሉ የሚመራው በዚህ መልስ ነው።

ዋጋውን በትክክል ማስያዝ

ሕንፃ መድን የሚገባው እንደገና ለመሥራት በሚጠይቀው ወጪ ልክ ነው። የገበያ ዋጋ መሬቱንም ስለሚጨምር አይሆንም። በሒሳብ መዝገብ ላይ ያለው ዋጋም በየዓመቱ እርጅና ስለሚቀነስለት ከግንባታ ወጪው በጣም ያንሳል። የግንባታ ዋጋ ገማች ያስመጡ። በግምቱ ውስጥ ፍርስራሽ የማንሻ ወጪ መኖሩን ይጠይቁ፤ አዲሱ የሕንፃ ደንብ የሚያስገድደው ማሻሻያ፣ ለምሳሌ ጠንካራ መስታወትና የጣሪያ ማሰሪያ፣ መታሰቡንም ያረጋግጡ። ከወጀብ በኋላ ከተማው በሙሉ ያንኑ ቆርቆሮና ያንኑ አናጺ ስለሚፈልግ ዋጋ ይንራል። ለዚህም መጠባበቂያ ይጨምሩበት።

ዓረቦን ለመቀነስ ብሎ ዋጋን ዝቅ አድርጎ ማስያዝ በብዛት የሚሠራ ስሕተት ነው፤ የሚታወቀውም ካሳ ሲጠየቅ ነው። 10 ሚሊዮን የሚያወጣ ሕንፃ በ6 ሚሊዮን መድን ገብቶለት የ2 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስ፣ ብዙ ፖሊሲዎች (የመድን ውሎች) የጉዳቱን 60 በመቶ ብቻ፣ ማለትም 1.2 ሚሊዮን ይከፍላሉ። ከዚያም ላይ የእርስዎ ድርሻ፣ ማለትም ከጉዳቱ ራስዎ የሚሸከሙት ገንዘብ፣ ይቀነሳል። 80 በመቶ መድን መግባትን እንደ በቂ የሚቆጥሩ ፖሊሲዎችም አሉ፤ በእነሱ ስሌት 6 ለ8 ተካፍሎ 1.5 ሚሊዮን ይደርስዎታል። የትኛው ስሌት እንደሚሠራ ወኪሉ በጽሑፍ ይመልስልዎ።

ጉዳቱ የሚከፈለው በአዲስ ዕቃ ዋጋ ነው ወይስ እርጅና ተቀንሶ? በተለይ ለጣሪያ ይህን ይጠይቁ። የ20 ዓመት ዕድሜ ያለው ጣሪያ 15 ዓመት ካገለገለ፣ እርጅና የሚቀንስ ፖሊሲ የሚከፍለው ሩቡን ያህል ነው። የሕንፃው ሽፋን «በአዲስ መተካት» ሆኖ ሳለ ጣሪያው በአባሪ ተነጥሎ በእርጅና ስሌት የሚገባበት ጊዜ ስላለ፣ ዋናውን ገጽ ብቻ አይተው አይፈርሙ።

ነፋስና ውኃ በፖሊሲ ላይ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው

ወጀቡ አንድ ነው፤ ውሉ ግን ይከፋፍለዋል። ነፋስ ጣሪያ ገንጥሎ በዚያ ቀዳዳ የገባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። በበር ሥር ሰርጎ ወይም በተከፈተ መስኮት የገባ ዝናብ ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። ነፋስ ገፍቶ ወደ ከተማ የሚያስገባው የባሕር ውኃ ደግሞ በብዙ ፖሊሲዎች እንደ ጎርፍ ስለሚቆጠር ለብቻው መድን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ከተማ ኒው ኦርሊንስንና አካባቢዋን ከመታች በኋላ፣ ቤቱን ያፈረሰው ነፋስ ነው ወይስ ውኃ በሚል ለዓመታት በፍርድ ቤት ክርክር የተካሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ «ከሌላ ምክንያት ጋር ተደርቦ ቢደርስም እንኳ» የሚል ሐረግ ካገኙ ይጠንቀቁ፤ ጎርፉ ከነፋሱ ጋር አብሮ ከመጣ በነፋስ የደረሰውንም ጉዳት ሊያስቀርብዎ ይችላል።

መፍትሔው የጎርፍን መድን አብሮ መግዛት ነው፤ ከተቻለ ከዚያው ከነፋሱ ኩባንያ፣ አለዚያ ሁለቱ ኩባንያዎች አንዱ ወደ ሌላው እየገፉ ያመላልሱዎታል። የመንግሥት የጎርፍ መድን ባለበት አገር የሚከፍለውን ከፍተኛ መጠን ይመልከቱ። የአሜሪካው ለምሳሌ ለንግድ ሕንፃ እስከ 500 ሺህ ዶላር፣ በውስጡ ላለው ንብረት ደግሞ ሌላ እስከ 500 ሺህ ዶላር ይሸፍናል፤ ሥራ ላይ የሚውለው በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ የቀረ ገቢ ግን አይተካም።

የእርስዎ ድርሻ ስንት ነው?

ለእሳት ወይም ለስርቆት የመድን ገቢው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነው። ለአውሎ ነፋስ ግን በመቶኛ ይጻፋል፤ መቶኛው የሚሰላውም በአብዛኛው ከጉዳቱ ሳይሆን ከጠቅላላው መድን የተገባበት ዋጋ ነው። «5%» የምትለው ትንሽ ቁጥር በ10 ሚሊዮን ሕንፃ ላይ 500 ሺህ ናት። 450 ሺህ የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስ መድን ሰጪው ምንም አይከፍልም። ብዙ ሕንፃ ካለዎት በእያንዳንዱ ሕንፃ ተለይቶ ይሰላል ወይስ በድምሩ? አንድ ሕንፃ ብቻ ሲጎዳ ልዩነቱ ከፍተኛ ነው።

ይህ ድርሻ ሥራ ላይ የሚውለው መቼ እንደሆነም ይለዩ። የአየር ትንበያ ተቋም ስም በሰጠው ወጀብ ሁሉ የሚሠራ አለ፤ ወጀቡ አውሎ ነፋስ ደረጃ ሲደርስ ብቻ የሚሠራም አለ፤ ሁለተኛው ለእርስዎ ይሻላል። በአንድ ወቅት ሁለት ወጀብ ቢመታዎት ድርሻውን ሁለቴ ይከፍላሉ ወይስ አንዴ? ብዙ ፖሊሲዎች በ72 ሰዓት ውስጥ የደረሰውን ጉዳት እንደ አንድ አደጋ ይቆጥራሉ። የድርሻውን ገንዘብ በጥሬው ወይም ቀድሞ በተፈቀደ የባንክ ብድር ይዘው ይጠብቁ። ካልቻሉ ድርሻውን የሚሸፍን ተጨማሪ መድን ያፈላልጉ።

የሥራ መቋረጥ መድን

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከዓመታዊ ገቢ ላይ ደንበኛ ሲቀር አብረው የሚቀሩትን ወጪዎች ብቻ ይቀንሱ፤ የምግብ ግብዓት፣ የአንሶላ ማጠቢያ፣ ለቦታ ማስያዣ ድረ ገጾች የሚከፈል ኮሚሽን። ገቢው 12 ሚሊዮን፣ እነዚህ ወጪዎች 4 ሚሊዮን ቢሆኑ መድን የሚገባለት 8 ሚሊዮን ነው። ሽፋኑ ለ18 ወር ከሆነ ደግሞ 12 ሚሊዮን ይሆናል። ደመወዝን ከተቀናሾቹ ጋር አያስገቡ፤ የለመደ ሠራተኛ ሌላ ከተማ ሄዶ ከቀረ በሩ ቢከፈትም አገልግሎቱ አይመለስም።

ወራቱን ለመወሰን የቀን መቁጠሪያ ያውጡ። በአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የካሪቢያን ዋናው የቱሪስት ወቅት ደግሞ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ይዘልቃል። ኦክቶበር ላይ የተመታ ሆቴል ጥገናው ስድስት ወር ከወሰደ ወቅቱ በሙሉ አለፈው፤ የሚቀጥለው የሚጀምረው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የ6 ወር ሽፋን የገዛ ሰው ካሳው የሚያቆመው ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ነው። ለእንዲህ ያለ ድርጅት 12 ወር ጠባብ ነው፤ 18 ወይም 24 ወር ይጠይቁ። አንዳንድ ፖሊሲ መክፈል የሚያቆመው ጥገናው ባለቀ ዕለት ስለሆነ፣ ገቢው ወደ ነበረበት እስኪመለስ የሚያራዝም አባሪ ያስጨምሩ። የመጠበቂያ ጊዜም አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ብዙ ጊዜ አይከፈልባቸውም።

ዋናው ፖሊሲ የሚከፍለው የራስዎ ንብረት ሲጎዳ ነው። የእርስዎ ሕንፃ ደኅና ሆኖ ከተማው ቢዘጋስ? በተናጠል የሚገዙ አባሪዎች አሉ፦ መብራትና ውኃ ሲቋረጥ የሚከፍል (የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሽቦን የሚያስቀር ስለሚበዛ ይመልከቱ)፣ ባለሥልጣን መንገድ ሲዘጋ የሚከፍል (የርቀትና የቀን ገደብ አለው)፣ እንግዶችዎን የሚስበው የባሕር ዳርቻ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ሲጎዳ የሚከፍል። ወጀቡ ሳይደርስ በፊት ከተማው ልቀቁ ተብሎ የቀረ ገቢ በብዙ ውሎች አይካተትም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የንፋስ ፍጥነት ወይም የወጀቡ መንገድ ከተስማሙበት ልክ ሲያልፍ፣ የጉዳት ግምት ሳይጠብቅ የሚከፍል መድን አለ። በሜክሲኮ ኪንታና ሩ ግዛት የባሕር ዳርቻው ኮራል ሪፍ (በባሕር ውስጥ ያለ የዛጎል ድንጋይ ክምር) ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ዓይነት መድን ገብቶለት በ2020 ከዴልታ አውሎ ነፋስ በኋላ ተከፍሎበታል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ንፋሱ ከተጻፈው ልክ ጥቂት ቢያንስ፣ ሕንፃዎ ቢፈርስም አይከፍልም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሬ ገንዘብ ይሁንልዎ እንጂ ዋናውን አይተካ።

የቀሩት ሽፋኖች በሌላ ከተማ ከሚገዙት ብዙ አይለዩም፦ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት፣ የሠራተኛ ጉዳት፣ ተሽከርካሪ። ለጀልባ ግን ወጀብ ሲመጣ የት መታሰር እንዳለበት ውሉ ይደነግጋል፤ ያንን ካላከበሩ ካሳ የለም።

መቼ ይገዛል፣ ምን ተይዞ ይቆያል

ወጀብ ወደ አካባቢው ሲቃረብ መድን ሰጪዎች አዲስ ውል መፈረምና ሽፋን መጨመር ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2023 የሜክሲኮዋን ከተማ አካፑልኮን የመታው ኦቲስ የተባለው ወጀብ ከሞቃታማ ወጀብነት ወደ 5ኛ ደረጃ አውሎ ነፋስ ያደገው ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ነው። የመጨረሻ ሰዓት ግዢ የሚባል ነገር የለም። ክለሳውን ወቅቱ ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀድመው ይጨርሱ፤ አዲሱ ውል ሥራ ላይ ሳይውል የቀድሞውን አያቋርጡ።

በዚያው ጊዜ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ይቅረጹ፤ መሳቢያና ማቀዝቀዣ ተከፍቶ፣ የማሽኖቹ መለያ ቁጥር እየታየ። የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ የግብር ወረቀትና በየወሩ የተያዙ ክፍሎች ብዛት ከከተማው ውጭ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ። የቀረ ገቢ የሚረጋገጠው በእነዚህ ነው።

ወጀቡ ካለፈ በኋላ ከማጽዳትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ አግድም የሄደ የጭቃ መስመር ውኃው ከታች እንደመጣ ያሳያል፤ ከኮርኒስ ወደ ታች የወረደ እድፍ ደግሞ ከጣሪያ እንደገባ። ሜትር አስጠግተው ከወለል ያለውን ከፍታ ጭምር ፎቶ ያንሱ፤ ነፋስ ወይስ ውኃ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚለየው በዚህ ነው። ለመድን ሰጪው በውሉ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ። የተቀደደውን በሸራ ይሸፍኑ፤ ጉዳቱ እንዳይባባስ ማድረግ ግዴታዎ ነው፤ የሸራውንም ደረሰኝ ይያዙ። የረጠበ ምንጣፍና ፍራሽ መጣል ካለበት ከእያንዳንዱ ዓይነት ቁራጭ ቆርጠው፣ የክፍሉን ቁጥር ጽፈው፣ ጉዳት ገማቹ አይቶ እስኪፈርም ድረስ ያቆዩት።