የስቲቨን ኪንግን መጻሕፍት በቡና ሰዓት ማካፈል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢዎች

የአሜሪካዊው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ የስቲቨን ኪንግ ወዳጆች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንድ ነው። አንዱ «ኢት»ን ያነሳል፣ ሌላው «ዘ ሻይኒንግ ይበልጣል» ይላል፣ ያላነበቡት ደግሞ ጭራቁ ምን እንደሆነና ማን እንደሞተ በአምስት ደቂቃ ሰምተው ይጨርሳሉ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ከፍቶ የሚያይ የለም። የኪንግ ኃይል ያለው ጭራቁ ላይ አይደለም። ጭራቁ ከመምጣቱ በፊት መቶ፣ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ አብረናቸው የምንኖረው ሰዎች፣ ትዳራቸው፣ ዕዳቸው፣ መጠጡ፣ የልጁ ነገር፣ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የምትወዱትን መጽሐፍ ስታካፍሉ ሰዎቹን አስተዋውቁ፤ ፍርሃቱን መጽሐፉ ራሱ ይሠራዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። (የኅትመት ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱና ሰዓቱ

ተሰብስቦ ቡና እየጠጡ መጽሐፍ ለማቅረብ ክረምት ይመረጣል። ተማሪው ከየዩኒቨርሲቲው ተመልሷል፣ ደሴ ጉም ለብሳለች፣ ሰዉም ቤት መዋል ይወዳል። ችግሩ ዝናቡ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ የአንባቢው ድምፅ ከጎኑ ካለው ሰው አያልፍም። ኮርኒስ ያለው ክፍል ፈልጉ። ካልተገኘ አንባቢው ከበሩ ርቆ መሃል ይቀመጥ፤ ዶፉ ሲበረታም ንባቡን አቁማችሁ ወደ ጨዋታ ዙሩ። በጩኸት የተነበበ አስፈሪ ገጽ አያስፈራም።

9 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀምሮ 12 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው። መግሪብ ለሚሰግደው ይመቻል፣ ራቅ ካለ ሰፈር የመጣውም ባጃጅ ሳያጣ ይገባል። ከቡናው ጋር ቆሎና ፈንዲሻ ብቻ ይቅረብ፤ ረቡዕና ዓርብ ቢሆን፣ ወይም ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ላይ ቢውል፣ ጿሚው «ምን ገብቶበታል?» እያለ አይሳቀቅም። ረመዳን ከገባ እስከ ዒድ አቆዩት።

ስድስት ሰው ይበቃል፣ ከአሥር አይለፍ። በአንድ ቀን የሚያቀርቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ አራተኛው ሰው ሲጀምር ጆሮ ደክሟል።

የቤቱን እመቤት አስቀድሞ ማስፈቀድ ግዴታ ነው። «እትዬ፣ ዛሬ የምናነበው ትንሽ ያስፈራል» ማለት በቂ ነው። ሲመሻሽ የሙትና የጅን ወሬ የማይነሳበት ቤት ብዙ ነው፤ እንዲያ ያለ ቤት ከሆነ አትከራከሩ። ኪንግ መንፈስ የሌለባቸው መጻሕፍትም አሉት፤ «ሚዘሪ»ን ወይም «ዶሎረስ ክሌቦርን»ን ይዛችሁ ግቡ።

የትኛው መጽሐፍ ለማን

ጀማሪ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስሙን ሰምቶ ቀጥታ «ኢት»ን (1986) ያነሳል። መጽሐፉ ከ1,100 ገጽ በላይ ነው፤ በቀን 25 ገጽ ሳይዛነፍ ቢነበብ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ይፈጃል። ታሪኩ ደግሞ በሁለት ዘመን መካከል ይመላለሳል፣ ሰባት ልጆችን ከነጉልምስናቸው ይዞ ይሄዳል። እንግሊዝኛው ገና ያልተላመደው አንባቢ መቶኛው ገጽ ሳይደርስ ይተወዋል፣ ከዚያም «ኪንግ ይከብዳል» ይላል። ሌላም አለ፦ መጨረሻው አካባቢ በልጆቹ መካከል የተጻፈ፣ ብዙ ወዳጆቹን ጭምር የሚያሳዝን የወሲብ ትዕይንት አለበት። ለሃይስኩል ተማሪ አትስጡት።

የሚሻለው በአጭር ልቦለድ መጀመር ነው። «ናይት ሺፍት» (1978) ሃያ ታሪኮች አሉት። ለመጀመሪያ ቀን «ዘ ሌጅ»ን ምረጡ፦ አንድ ሰው በውርርድ ተገዶ የአንድን ረጅም ሕንፃ 43ኛ ፎቅ ከውጭ ይዞራል፤ የሚረግጠው ጠርዝ ስፋት አምስት ኢንች፣ ማለትም 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጅን የለ፣ ሙት የለ፤ ነፋስና እርግብ ብቻ። ስትተርኩ 13 ሳንቲ ሜትር በእጃችሁ ለክታችሁ አሳዩ። ከዚያው መጽሐፍ «ዘ ላስት ራንግ ኦን ዘ ላደር» ስለ ወንድምና እህት ነው፤ ጎተራ ውስጥ ከከፍታ ወደ ድርቆሽ ክምር ሲዘሉ የሚጀምር፣ አንድም ጭራቅ የሌለበት ታሪክ። ኪንግ አስፈሪ ነገር ብቻ ይጽፋል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ቀጥሎ «ሚዘሪ» (1987)። ከሁለት ሰው በላይ ስም መያዝ አያስፈልግም፦ ፖል ሼልደን የተባለ ደራሲና አኒ ዊልክስ የተባለች ነርስ። እሱ በበረዶ መንገድ መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ተሰብረዋል፤ እሷ አግኝታ ቤቷ ወስዳዋለች፤ ከአንባቢዎቹ ሁሉ አብልጣ የምትወደውም እሷ ናት። በስልክ የምታነቡት ከሆነ፣ ፋይል ስትመርጡ አንድ ነገር አረጋግጡ። ፖል የሚጽፍበት የቆየ ታይፕራይተር «ኤን» ፊደል የለውም፤ እየቆየም ሌሎች ፊደላት ይነቀሉበታል፤ የጎደለው በእጅ ጽሑፍ ይሞላል። በደንብ የታተመው ላይ ይህ ለዓይን ይታያል። በግዴለሽነት የተቀየረ ፋይል ላይ ግን የእጅ ጽሑፉ ተራ ፊደል ይሆንና የደራሲው ድካም ከገጹ ይጠፋል። ማንም ሰው ይህን መጽሐፍ በመጥፎ ፋይል እንዳያነበው እንለምናለን።

«ካሪ» (1974) የታተመ የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ሲሆን ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው። ግማሹ በጋዜጣ ቁራጭ፣ በምርመራ ሪፖርትና በመጽሐፍ ቅንጫቢ ይነገራል። ከተማዋ ላይ ትልቅ ጥፋት እንደሚደርስ እነዚህ ወረቀቶች ከመነሻው ስለሚናገሩ፣ ስታቀርቡት ጥፋቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ጥያቄው እንዴት እዚያ ተደረሰ የሚለው ነው።

«ፔት ሴማተሪ» (1983) ለወሎ አንባቢ ሳይቸገር የሚገባ መጽሐፍ ነው። ሉዊስ ክሪድ የተባለ ሐኪም ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከቺካጎ ወደ ሜይን ገጠር ይሄዳል፤ ቤታቸው ቀን ከሌት ከባድ መኪና የሚከንፍበት መንገድ ዳር ነው። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ ዳር ልጅ ያሳደገ ሰው የዚያ መንገድ ፍርሃት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ግን ከመሃላችሁ ቅሬ ተጠርቶለት ዘመዱን ከቀበረ ገና ዓርባ ቀን ያልሞላው ሰው ካለ፣ መጽሐፉን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የሚናገረው ሞትን አልቀበልም ስላለ ልብ ነው፤ ሐዘንተኛን በእንዲህ ያለ መጽሐፍ መፈተን ነውር ነው።

ለቡድን ንባብ «ዘ ግሪን ማይል»ን የሚያህል የለም። በ1996 ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት በስድስት ትንንሽ መጻሕፍት ተከፍሎ የወጣ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ልብ አንጠልጥሎ ያቆማል። እናንተም ለስድስት ሳምንት አንድ አንድ ክፍል ያዙ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ቀድሞ የሚያነብ አይኑር።

«ዘ ስታንድ»ን የምታነቡ፣ የያዛችሁት የትኛው እትም እንደሆነ ተነጋገሩ። በ1978 የወጣው ተቆርጦ ነው፤ በ1990 የወጣው የተቆረጠው ተመልሶለት ከ1,100 ገጽ ያልፋል። አንዱ ያንን፣ ሌላው ይህንን ይዞ ከተወያየ «እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፉ ውስጥ የለም» እየተባባሉ መከራከር ይመጣል። የ«ዘ ዳርክ ታወር» ተከታታይ ደግሞ ሌሎቹን ያነበበ ሰው የሚደርስበት ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም።

ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ኢፐብ (ለስክሪን ንባብ የተሠራ የመጽሐፍ ፋይል) ይያዝ፤ ፊደሉ እንደ ስክሪኑ ይሰፋል። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ዓይን ይገድላል። አጭር ልቦለድ ከሆነ ማውጫውን ቁጠሩ፦ «ናይት ሺፍት» ላይ ሃያ ታሪክ ካልተገኘ ፋይሉ ጎዶሎ ነው፤ «ዲፈረንት ሲዝንስ» (1982) ላይ አራት መሆን አለበት።

አቀራረቡ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ሰዓት መያዣው ራሱ ቡናው ነው። ቡናው እየተቆላ ሰዉ ይሰብሰብ፤ አቦል ሲቀዳ የመጀመሪያው አቅራቢ ይጀምር፣ ቶና ላይ ሁለተኛው፣ በረካ ላይ ሦስተኛው። ለአንድ ሰው ከጥያቄው ጋር ሠላሳ ደቂቃ። አሥሩ ደቂቃ ስለ ሰዎቹና ስለ ቦታው፣ ስምንቱ ጮክ ብሎ ለሚነበብ ክፍል፣ የቀረው ለጥያቄ።

«ዘ ሻይኒንግ»ን (1977) እንውሰድ። ጃክ ቶራንስ የተባለ፣ መጠጥ የተወና ከማስተማር ሥራው የተባረረ ሰው፣ ከሚስቱ ከዌንዲና ከትንሹ ልጃቸው ከዳኒ ጋር ኮሎራዶ ተራራ ላይ ያለ ሆቴል ለበረዶው ወራት ሊጠብቅ ይቀጠራል። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አስረዱ። አንደኛ፣ እዚያ የሚወርደው እንደ እኛ አገር ጠጠር በረዶ ወዲያው የሚቀልጥ ሳይሆን ለወራት ተቆልሎ መንገድ የሚዘጋ ነው። ሁለተኛ፣ ሆቴሉ የሚሞቀው ምድር ቤት ባለ አሮጌ ቦይለር (ውኃ አሙቆ ቤት የሚያሞቅ ትልቅ ጋን) ነው፤ ግፊቱ በየቀኑ ካልተለቀቀ አደጋ አለው። እነዚህን ሳያስረዱ ጀምሮ አስፈሪው ቦታ ላይ ሲደርሱ «ቦይለር ማለት…» ብሎ ማቋረጥ ትረካውን ይገድለዋል። አድማጩ የማያውቀው ዕቃ ሁሉ ከፍርሃቱ በፊት ይነገረው።

የት ታቆማላችሁ? መጽሐፉ አምስት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በራሳችሁ ቃል ተርኩ፤ ሁለተኛው የሚያልቀው ሌላው ሰው ሁሉ ሄዶ ሦስቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ነው። ለንባብ የሚሆነው ከሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ነው፦ ጃክ የሆቴሉን ጣሪያ ሲጠግን የተርብ ጎጆ ያገኛል። አንዷ ትነድፈዋለች፤ በመርዝ ጭስ ይገድላቸውና ባዶ ነው ያለውን ጎጆ ለልጁ ስጦታ ይሰጠዋል። ልጁ መኝታ ክፍሉ ሲያስቀምጠው መጽሐፉን ክደኑ። ሌሊት የሚሆነውን አታንብቡ። ቀጣዩን የሚፈልግ መጽሐፉን ይጠይቃችኋል።

የሚነበበውን ክፍል ወደ አማርኛ የምትመልሱት ቤታችሁ፣ በወረቀት ላይ ነው። እዚያው እያነበቡ መተርጎም ዓረፍተ ነገሩን ይሰባብረዋል፤ አንባቢው ቃል ሲፈልግ አድማጩ ቡናውን ያማስላል። ሁለት የእንግሊዝኛ ገጽ ተተርጉሞ ዝግ ተብሎ ሲነበብ ስምንት ደቂቃ ግድም ይወስዳል። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱን ተጠቀሙበት፦ «በሩን ቀስ ብሎ ከውስጥ የሆነ ነገር ከፈተው» ሲባል ድንጋጤው ጫፍ ላይ ይውላል። የሴቱንና የሕፃኑን ድምፅ ለመምሰል አትሞክሩ፤ ሳቅ ያመጣል። ቀዝቀዝ ባለ ተራ ድምፅ ማንበብ ይበልጥ ያስፈራል።

ሰው የሚበዛባቸውን መጻሕፍት፣ ለምሳሌ «ሳሌምስ ሎት»ን (1975)፣ የምታቀርቡ ከሆነ አንድ ትንሽ ከተማ ሙሉ ሰው ነው የሚገጥማችሁ። አራት ስም ብቻ መርጣችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ሌላውን «ባለ ሱቁ»፣ «ቄሱ» እያላችሁ እለፉት።

የሚያበላሹ ነገሮች

ፊልሙን ያየና መጽሐፉን ያላነበበ ሰው አይጠፋም። አትከልክሉት፣ ግን ልዩነቱን እወቁ። የ«ዘ ሻይኒንግ» ፊልም በ1980 የወጣ ነው፤ ኪንግ ራሱ እንደማይወደው ደጋግሞ ተናግሯል። መጽሐፉ ላይ የሚያስፈራው ክፍል ቁጥር 217 ሲሆን ፊልሙ ላይ 237 ነው፤ መጽሐፉ ላይ በእንስሳ ቅርጽ የተከረከሙ ቁጥቋጦዎች ያሉበት ቦታ ፊልሙ ላይ በቁጥቋጦ አጥር የተሠራ፣ ሰው መውጫው የሚጠፋበት ጠመዝማዛ መንገድ ሆኗል። ኪንግ በ1974 ያደረበትና ሐሳቡን ያመጣለት ስታንሊ ሆቴል ኮሎራዶ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ያደረውም 217 ቁጥር ነው።

ሌላው የወሎ ቤት ጠባይ ነው። አስፈሪ ታሪክ ሲነሳ ወዲያው ስለ ጅን፣ ስለ ዛር፣ ስለ ጅብ የራስ ወሬ ይመጣል፤ ያ ከተጀመረ ማንም አይመልሰውም። ጨዋታው ውድ ነው፣ ግን ከበረካ በኋላ ይሁን። አስቀድሞ ይነገር፣ ሰዉም ወሬውን ይዞ ይቆያል።

ያላለቀ መጽሐፍ መጨረሻ ለሚያወጣ ሰው የሚሠራው ቅጣት ቀላል ነው፦ የሚቀጥለው ሳምንት ቆሎ ከእሱ ቤት ይመጣል።

ማዋስ ላይ ጥብቅ ሁኑ። በደብተር የመጽሐፉ ስም፣ የወሰደው ሰው ስም፣ የወሰደበት ቀንና የመመለሻው ቀን ይጻፍ። ለአጭሩ ሦስት ሳምንት፣ ለ«ኢት»ና ለ«ዘ ስታንድ» ሁለት ወር። ክረምት ላይ መጽሐፍ ያለ ፌስታል ከቤት አይውጣ፤ የረጠበ ገጽ ምድጃ ዳር አይደርቅም፣ ይኮማተራል። በገጾቹ መካከል ነጭ ወረቀት ጣልቃ እያስገባችሁ ከላይ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት፤ ወረቀቱን በማግሥቱ ቀይሩ።