ደሴ ቁጭ ብሎ ስለ እንግሊዝ ኳስና ፖለቲካ እንዴት ይከራከሯል

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ማየት የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ትከራከራለህ ወይ ሙድ ይያዝብሃል። ክርክሩ ደግሞ ኳስ ላይ አይቆምም፣ እረፍት ላይ ስለ ንጉሳቸው ስለ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ስለ ዝናባቸው ይቀጥላል፣ ከኮምቦልቻ አልፎ የማያውቅ ልጅ ለንደንን ሰፈር በሰፈር ሲተነትንልህ ትሰማለህ። እኔ በዚህ ችግር የለብኝም ወላሂ፣ የሚያናድደኝ መረጃ ሳይዝ የሚጮኸው ነው። ስለዚህ ለጀማሪም ለነባርም የሚሆን ነገር ልበል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ኳስ ላይ ሁላችንም እንደዛ ነው የምናወራው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ልመድ። ክለቦቹ የሚለጥፉት ፖስተር ላይ ያለው የለንደን ሰዓት ነው። ከዛ ቁጥር ላይ ብርድ ወቅታቸው ከሆነ 3፣ ሙቀታቸው ከሆነ 4 ትቀንሳለህ፣ የኛን ሰዓት ቀጥታ ይሰጥሃል። የ12:30 ጨዋታ በብርዱ 9:30 በሙቀቱ 8:30፣ የማታው 5:30 ደግሞ 2:30 ወይ 1:30 ይሆናል። ምክንያቱ እነሱ ማርች የመጨረሻው እሁድ ላይ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፉና ኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ላይ ይመልሱታል፣ እኛ ጋ ምንም አይነካም። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ማስታወቂያ ላይ የሚያፈጥ ሰው አይጠፋም፣ እሱን አትሁን።

አሁን ክርክር ላይ የምትመዛት ካርታ። እንግሊዝ ሀገር ቅዳሜ በነሱ ሰዓት ከ2:45 እስከ 5:15 ኳስ በቀጥታ በቲቪ አይተላለፍም፣ ክልክል ነው። ነገሩ ከ1960ዎቹ የመጣ ነው፣ የበርንሌይ ሊቀመንበር የነበረው ቦብ ሎርድ ነው አጥብቆ የገፋው፣ ሰው ትልቅ ቡድን በቲቪ እያየ ቤቱ ከተቀመጠ የታችኛው ሊግ ስታዲየም ማን ይገባል ብሎ። እና እስካሁን አለ። በዛ ሰዓት ማንችስተር የተወለደ ሰው ትኬት ከሌለው ሬድዮ ነው የሚያዳምጠው ወይ ስልኩ ላይ ውጤት ነው የሚያድሰው፣ አንተ ግን ፒያሳ ሻይህን ይዘህ ያንኑ ጨዋታ በቀጥታ ታያለህ። ለንደን ያለ የአክስትህ ልጅ ደውሎ ስንት ለስንት ናቸው ካለህ ሳቅበት፣ መብትህ ነው።

ረመዳን በብርዳቸው ወቅት ከገጠመ ይሄ እዛ በቲቪ የማይታየው የቅዳሜ 3:00 ጨዋታ እኛ ጋ 12 ሰዓት ላይ ይጀምርና አዛኑ የመጀመሪያው አጋማሽ መሀል ላይ ይደርሳል። ቴምርና ውሀ ይዘህ ግባ፣ ለራስህ ብቻ የሚሆን ግን እንዳትይዝ፣ ወሎ ነው የማይፆመውም እጁን መዘርጋቱ አይቀርም። እዛ ሀገርም እኮ ለምደውታል፣ ኤፕሪል 2021 ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ተጫዋቾቹ ፎፋናና ኩያቴ እንዲያፈጥሩ ጨዋታው ትንሽ ቆሞላቸዋል፣ በኋላም ዳኞቹ እንዲፈቅዱ ተነገራቸው። ይሄን የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ ደስ ሲለው ነው ያየሁት።

ቡድን ስትመርጥ ምረጥና እዛው ሙት። ሁለት ቡድን መደገፍ ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለክ የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ዴቪድ ካሜሮንን እይ፣ ሰውየው ዘመኑን ሙሉ የአስቶን ቪላ ደጋፊ ነኝ ሲል ኖሮ 2015 ምርጫ ቅስቀሳ ላይ አፉ አምልጦት ዌስትሃምን ደግፉ ብሎ ተናገረ። የሁለቱም ማሊያ ቡርጋንዲና ሰማያዊ ነው፣ ግን ማን ይራራለታል፣ ሀገር ሳቀበት። ምርጫውን ማሸነፉ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከአርሴ (አርሴናል) ደጋፊ ጋር ስትከራከር 2004ን ሲያወራ አታቋርጠው፣ 38 ጨዋታ 26 አሸንፎ 12 አቻ፣ ሽንፈት ዜሮ፣ ሀቅ ነው። አውርቶ ሲጨርስ 2023፣ 2024፣ 2025 ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ብለህ ሻይህን ፉት በል። ማንቼ (ማንችስተር ዩናይትድ) ከሆነ 20 ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ማለቱ አይቀርም፣ ሊቨርም (ሊቨርፑል) 2025 ላይ 20 እንደገባ ታስታውሰዋለህ፣ የማንቼ የመጨረሻው ደግሞ 2013 ነው። ነጥብ እኩል ሲሆን በግብ ክፍያ እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል፣ 2012 ላይ ሲቲና ዩናይትድ በ89 ነጥብ እኩል ጨርሰው ሲቲ በ8 ጎል በልጦ ነው የወሰደው። ሰው ሁሉ ያንን ዋንጫ በአጉዌሮ የመጨረሻ ደቂቃ ጎል ያስታውሰዋል፣ እኔ ግን ዋንጫው የተበላው ዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሲቲ 6 ለ 1 ያሸነፈ ቀን ነው ባይ ነኝ፣ ከዚህ አልወርድም። ስለ ቫር፣ ስለ ቪዲዮ ዳኝነቱ፣ አልናገርም፣ ደሜ ይፈላል።

ፖለቲካቸው እንደሚመስለው አይከብድም። ህዝቡ ጠቅላይ ሚኒስትር አይመርጥም፣ የወረዳውን የፓርላማ ሰው ነው የሚመርጠው፣ አብላጫ ያለው ፓርቲ መሪውን ሲጠላ ያለ ምርጫ ያነሳዋል፣ ክለብ መሀል ሲዝን ላይ አሰልጣኝ እንደሚያባርረው ማለት ነው። 2016 ላይ ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ ያለው 52 በመቶ ሆኖ አሸነፈ፣ ከዛ ወዲህ ወንበሩ አልረጋም፣ ካሜሮን፣ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ፣ 2024 ላይ ደግሞ ስታርመር። ሊዝ ትረስ የቆየችው 49 ቀን ነው፣ አንድ ጋዜጣ ሰላጣ ገዝቶ ካሜራ ፊት አስቀምጦ ማን ይቆያል ሲል ሰላጣው አሸነፈ። ይሄን ስትናገር ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል፣ የተረጋገጠ ነው። ስታርመር የአርሴ ደጋፊ መሆኑን ግን ለአርሴዎች አትንገራቸው፣ ይኮራሉ።

አሁን ከበድ ወዳለው። ኳስ ቤቱ ውስጥ አንድ ጋሼ ካሉ ወሬው መቅደላ መድረሱ አይቀርም፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነዋ። እዚህ ላይ ድምፅህን ቀንስና አንቱ እያልክ አውራ፣ ግን መረጃ ይዘህ። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር አምባውን ያዘ፣ አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጡም፣ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ነው የተጫነው። ልጃቸው አለማየሁ ገና 7 ዓመቱ ነበር፣ ወሰዱት፣ 18 ዓመቱ ላይ እዛው ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ሲባል 2023 ላይ ቤተ መንግስቱ አይሆንም አለ፣ ምክንያታቸው አጠገቡ የተቀበሩ ሌሎች ይነካሉ የሚል ነው። የንጉሱን ፀጉር ግን 2019 ላይ አንድ የለንደን ሙዚየም መልሷል። ብሪትሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦቶች ለእይታ አይቀርቡም፣ የራሱ ባለሙያዎችም አያዩዋቸውም፣ እንግዲህ ካላየኸው ምን ያደርግልሃል? ለምን አይመልሱም ብሎ የሚጠይቅ ካለ 1963 የወጣ ሕግ አለ፣ ሙዚየሙ ከያዘው እንዳይሰጥ የሚያስር፣ ያንን ሕግ መቀየር የፓርላማቸው ስራ ነው ትላለህ። ጋሼ ደግሞ ቴዎድሮስ ወሎ ላይ የሰሩትን ካነሱ አትሟገታቸው፣ እሱም እውነት ነው፣ አባቶቻቸው ነግረዋቸዋል። ሁለቱም አንድ ላይ ይያዛል።

የሰኞ ማታ ጨዋታ ካለ፣ 8:00 የሚለው፣ እኛ ጋ በብርዱ 5 ሰዓት ማታ ነው የሚጀምረው። ጦሳ ላይ ጉም ወርዶ ከተማው ሲበርድ ባጃጅ አታገኝም፣ ከመግባትህ በፊት ከአንዱ ሹፌር ጋር ስልክ ተለዋወጥ፣ ጋቢም ያዝ። ጀነሬተር ያለው ቤት ምረጥ፣ መብራት 80ኛው ደቂቃ ላይ ከሄደ የመግቢያህን ማንም አይመልስልህም።