ለእግር ኳስ ተጫዋች የፍጥነትና የቅልጥፍና ልምምድ

በእግር ኳስ ጨዋታ ኳሱን ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የሚለየው በመጀመሪያዎቹ 5 ወይም 10 ሜትሮች ስለሆነ፣ የፍጥነት ልምምድም ከዚሁ አጭር ርቀት መነሳት አለበት። ሜዳውን ደጋግሞ መዞር ትንፋሽን ያጠነክራል እንጂ ተጫዋችን ፈጣን አያደርግም።

ልምምዱ የሚሠራው ሰውነት ሳይደክም፣ ከማሟሟቅ ቀጥሎ ነው። ለ15 ደቂቃ ያህል በሶምሶማ፣ ጉልበትን ከፍ አድርጎ በመሮጥና ፍጥነትን ቀስ በቀስ በመጨመር ከተሟሟቁ በኋላ፣ 10 ሜትር ለክቶ በሙሉ ኃይል አምስት ጊዜ፣ ከዚያም 20 ሜትር ሦስት ጊዜ መሮጥ ለአንድ ቀን ይበቃል። ሲነሱ መላ ሰውነት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እግርም መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ ከፊት ተዘርግቶ አያርፍም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በእረፍቱ ላይ ነው። ጡንቻ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍተኛ ኃይል የሚያወጣው በዋናነት በውስጡ ባጠራቀመው፣ ክሬቲን ፎስፌት በሚባል ፈጣን የኃይል ምንጭ ሲሆን፣ ይህ ክምችት እንደገና እስኪሞላ ደቂቃዎች ይወስዳል። ስለዚህ ለተሮጠው ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል ማረፍ ይገባል። ክምችቱ የሚተካው በኦክስጅን እርዳታ በመሆኑም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የሚሠለጥን ተጫዋች እረፍቱን ትንሽ ቢያስረዝም ይሻለዋል። አሠልጣኝ ተሰልፈው የቆሙ ልጆችን ሲያይ ጊዜው የባከነ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ሳያርፉ የሚደጋገም ሩጫ ወደ ጽናት ልምምድ ይለወጣል፣ ልጆቹም የሚለምዱት በዝግታ መሮጥን ነው።

ቅልጥፍና ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬን የመያዝ ችሎታ ነው። በፍጥነት መቆም ያልቻለ ተጫዋች በፍጥነት መታጠፍ አይችልም፤ ጉልበቱንም ለጉዳት ያጋልጣል። መጀመሪያ 10 ሜትር ሮጦ ምልክቱ ላይ በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር እርምጃዎች፣ ዳሌን ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ መቆምን መልመድ ያስፈልጋል። ይህ ሲስተካከል በመቆም ምትክ በውጭኛው እግር (ከሚታጠፉበት አቅጣጫ በተቃራኒ ባለው) መሬቱን ገፍቶ ወደ ጎን መውጣት ይቀጥላል። ኮን ባይኖር ድንጋይ ወይም በአሸዋ የተሞላ የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል።

መሬት ላይ በሚነጠፍ መሰላል መረማመድ እግርን ያፍታታል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ አልሰጠውም። አስቀድሞ የታወቀ መንገድን መሸምደድ በጨዋታ ላይ ተቃራኒን አንብቦ እንደመወሰን አይሆንምና፣ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ወደፈለገው አቅጣጫ ሲሄድ ሌላው ለ6 ሰከንድ ያህል እንዲከተለው ማድረግ ይበልጣል።

ይህን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢያንስ የ48 ሰዓት ልዩነት ጠብቆ መሥራት በቂ ነው። የእያንዳንዱ ሩጫ ሰዓት በደብተር ይመዝገብ፤ የ10 ሜትሩ ሰዓት በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከዘገየ ወይም የኋላ ጭን መወጠር ከጀመረ፣ የቀረው ዙር ለሌላ ቀን ይተላለፋል።