ማን ማንን መታ? ልቦለድ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ የ«የ» እና የነጠላ ሰረዝ ስህተቶች

«የሞተችው ሴት ልጅ በሩን አንኳኳች።» ደራሲው ሊል የፈለገው የሟቿ ልጅ መጣች ነው። አንባቢው ግን ሬሳ ተነስቶ በር ሲመታ ቢታየው አይፈረድበትም። ችግሩ የተዋጠው «የ» ነው። አማርኛ «የየሞተችው ሴት ልጅ» ስለማይል አንዱን «የ» ይጥለዋል። የማን ልጅ መሆኗን የሚያሳየውም አብሮ ይጠፋል። እዚህ ላይ ነጠላ ሰረዝ ብትደረድሩ ዋጋ የለውም። ዓረፍተ ነገሩን አፍርሱት፦ «እናቷ የሞተችባት ልጅ በሩን አንኳኳች።»

ከዚህ የሚብሰው የ«ው» ነገር ነው። «የደበደበውን ሰው ፖሊስ ጣቢያ አየው» ስንል ደብዳቢውን ነው ያየው ወይስ ተደብዳቢውን? «ው» እዚህ «ያንን የታወቀ ሰው» ሊሆን ይችላል፣ «እሱን»ም ሊሆን ይችላል። በወንጀል ልቦለድ ውስጥ ታሪኩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ፊደል ላይ ነው። ደራሲው ማን ማንን እንደመታ ስለሚያውቅ ደጋግሞ ቢያነበውም ስህተቱ አይታየውም፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው አስነብቡት። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ «እሱን የደበደበውን ሰው» ወይም «እሱ የደበደበውን ሰው»። አንዲት «ን» ትበቃለች።

«ከጎንደር የመጣው የጓደኛዬ ወንድም» ሲባልስ የመጣው ጓደኛው ነው ወንድሙ? ጓደኛዋ ሴት ብትሆን «የመጣችው» እና «የመጣው» ይለዩልን ነበር። ሁለቱም ወንድ ከሆኑ ገላጩን ከሚገልጸው ስም አጠገብ አስቀምጡት፦ «የጓደኛዬ ከጎንደር የመጣው ወንድም»።

አሁን ወደ ነጠላ ሰረዝ። «እያለቀሰ የሸሸውን ልጅ ተከተለው።» ያለቀሰው ማን ነው? ከ«እያለቀሰ» ቀጥሎ «፣» ብታስገቡ አልቃሹ ተከታዩ ይሆናል። በወረቀት ላይ ይሠራል። ነገር ግን ልቦለድ በሬዲዮም ይተረካል፤ አድማጭ ምልክቱን አያይም፣ ተራኪውም ሳያርፍ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ እኔ ቃሉን ማዛወር እመርጣለሁ፦ «የሸሸውን ልጅ እያለቀሰ ተከተለው።» ያለቀሰው የሸሸው ከሆነ ደግሞ «ልጁ እያለቀሰ ሲሸሽ ተከተለው» በሉ።

በገላጩና በተገላጩ መካከል ነጠላ ሰረዝ አይገባም። «ከገበያ የተመለሰችው፣ ሴትዮ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ጸሐፊው ትንፋሽ ያጠረው ይመስለኛል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስለረዘመ ብቻ ከማሰሪያ አንቀጹ (ከመጨረሻው ግስ) በፊት «፣» መጣልም ያው ነው፤ ባለቤቱን ማሳጠር ይሻላል። ከ«እና» በፊት የሚገባው «፣»ም ባይኖር አይጎዳም፤ «ዳቦ፣ ወተትና ስኳር» ይበቃል።

«ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ወጣ» የሚለውን ግን ስህተት ብዬ አልፈርድበትም። ሰውዬው እየተጎተተ መውጣቱን ለማሳየት ከሆነ ያምርበታል። ተቻኩሎ ከሆነ የወጣው ሁሉንም አጥፏቸው። አድራጊው ሲቀየር ግን ምልክቷን አትንኳት፦ «ዝናቡ አባርቶ፣ እንግዶቹ ሄዱ።»